አካውንቲንጉን ትቼ ቲዎሎጂ ልማር ወይ ላልከኝ

ሰላም ወንድሜ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፋይናንስ ትሰራለህ፣ ማታ ደሴ ስትገባ ከሙስሊም ጓደኞችህ ጋ "ኢየሱስ አምላክ ነኝ ያለበትን ጥቅስ አምጣ" እየተባባላችሁ ታመሻላችሁ፣ እና አሁን ስራውን ለቀህ ቲዎሎጂ መማር አማረህ። እንጀራ ይሆናል ወይ፣ እኔስ እችለዋለሁ ወይ ነው ጥያቄህ።

እንጀራው ቀጭን ነው፣ አልዋሽህም። መምህርነት አለ፣ ስብከት አለ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምና የብራና ስራም አለ ግን ቦታው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ለጊዜው ከፋብሪካው ንቅንቅ እንዳትል።

መቻልህን በተመለከተ ግን የላክልኝን የጥቅስ ሊስት ሳየው ትንሽ ፈራሁልህ። ዮሐንስ 1፥1፣ 10፥30፣ 20፥28፣ ቲቶ 2፥13፣ ሁሉም ኢየሱስ አምላክ ነው ለማለት ላንተ ሚመቹ ናቸው። ያቺን የመጨረሻ ቀን ከአብ በቀር ወልድም አያውቃትም ሚለው ማርቆስ 13፥32 የታለ? "አብ ከእኔ ይበልጣል" ሚለው ዮሐንስ 14፥28ስ? ጓደኞችህ መጀመሪያ ሚያነሱብህ እኮ እነዚህን ነው፣ በ325 እ.ኤ.አ በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው፣ ወልድ ፍጡር ነው ሚለው የአርዮስ ወገንም እነዚህን ይዞ ነበር ሚሟገተው። በዚህ ሙያ ደሞዝ ሚከፈልህ የሚከብድህን ጥቅስ ይዘህ ክፍል ፊት መቆም ስለምትችል ነው፣ በቀላሉማ ማንም ይረታል።

አንድ ቦታ ላሳይህ። ፊልጵስዩስ 2 ላይ ጳውሎስ ጉልበት ሁሉ በኢየሱስ ስም ይንበረከካል ይላል አይደል፣ አሁን ኢሳይያስ 45ን ግለጥ፣ እግዚአብሔር "ከእኔ ሌላ የለም" ብሎ ሳይጨርስ ጉልበት ሁሉ ለኔ ይንበረከካል ይላል። ብሉይ ላይ ስለ አንድ አምላክ ከተጻፉት ሁሉ ጠንካራው ቦታ ነው ማለት ይቻላል፣ ጳውሎስ ደግሞ አይሁዳዊ ነው፣ ኢሳይያስን ያውቀዋል፣ ያንን ወስዶ ለተሰቀለው ሰው ሰጠው፣ ግን እዚያው ላይ "ለእግዚአብሔር አብ ክብር" ብሎ ነው ሚዘጋው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ጣጣው፣ እኔ በበኩሌ ከጥቅስ ሊስትህ በሙሉ ይቺ ትበልጥብኛለች።

ደግሞ ደሴ ሆነህ ቦሩ ሜዳን ሳትጠቅስ መጻፍህ ገረመኝ ሃሃ። በ1870 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ ምኒልክም ባሉበት ጉባኤ ያደረጉት እዚችው አፍንጫህ ስር ነው፣ ክርክሩም ኢየሱስ አምላክ ነው አይደለም ሳይሆን አምላክነቱና ሰውነቱ እንዴት ተዋሐዱ ሚል ነበር። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም በግድ ተጠመቅ መባሉንም አብረህ አንብብ፣ ጓደኞችህ ስለዚህ ከአያቶቻቸው ሰምተው ይሆናል።

እስከ ፋሲካ ድረስ ማርቆስን ብቻ ዳር እስከ ዳር አንብብና 13፥32 ላይ ሁለት ገጽ ጻፍልኝ፣ ለክርክር ሳይሆን ለሰንበት ተማሪ እንደምታስረዳ አርገህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግዕዝ ሚያስተምር መሪጌታ ፈልግ፣ ግሪኩ በኋላ ይደርሳል። ጽፈህ ስትጨርስ ካልሰለቸህ አዲስ አበባ ስላሉት ኮሌጆች ያኔ እናወራለን፣ እስከዛ ግን የዩኒቨርሲቲውን ኮስት ሼሪንግ መክፈል ጀምር፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቁህ እሱ ነው ሚያንከራትትህ።