ሎጅ ከመያዝህ በፊት ስለ ጀልባውና ስለ ጋይዱ ጠይቅ

ወንድሜ፣ አባትህን ደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ከጋይድ (ዓሣ ከሚያስጠምድ መሪ) ጋር ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ወደሚያስጠምድ የባሕር ዳር ሎጅ ልትወስዳቸው አስበህ «ገንዘቡ ያዋጣል ወይ? የትኛው ወር ይሻላል? ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?» ብለሃል። በዚያ ባሕር ደጋግሜ ስላጠመድሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ያዋጣል፤ ግን ለምን እንደምትከፍል እወቅ። ፎቶው ላይ የሚታየው የእንጨት ቤትና እራቱ ደስ ይላል፤ ከዓሣው የሚያገናኝህ ግን ጋይዱ ነው። ስለዚህ ስትደውል መጀመሪያ ይህን ጠይቅ፦ በቀን ስንት ሰዓት ውኃ ላይ እንውላለን? አንድ ጀልባ ላይ ስንት ሰው ይሳፈራል? ጋይዱ በየቀኑ ይቀያየራል ወይስ አንዱ ከእኛ ጋር ይሰነብታል? ብዙዎቹ ካፒቴኖች ፈቃዳቸው እስከ 6 ተሳፋሪ ያስጭናቸዋል። እኔ ለአባትህ ከ4 ሰው በላይ የሚይዝ ጀልባ አልመርጥም፤ ሰው ሲበዛ ክር ይጠላለፋል፣ ጋይዱም ለሁሉም አይደርስም። አንድ ጋይድ ሲሰነብት ደግሞ በሁለተኛው ቀን የአባትህን አያያዝ ያውቀዋል፣ መቼ እንደሚደክማቸውም ሳይነገረው ይገባዋል። ጀልባውን ራስህ የምትነዳበት ርካሽ ጥቅልም አለ። ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ በግልጽ አይጻፍምና አጣራ፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ሊደርስ በሚችልበት፣ ጠዋት ያልታየ ድንጋይ ከሰዓት በሚወጣበት ቦታ ለእንግዳ ሰው አልመክረውም።

ወሩ የሚወሰነው በዓሣው ነው። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ሳልሞን ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አካባቢ ይበረታል፤ ኮሆ የሚባለው ሌላው የሳልሞን ዓይነት ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም፣ ከሁሉም በላይ በነሐሴ (ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምልህ)። አባትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚሄዱት ነሐሴን ያዝ። ኮሆ በብዛት ይመጣል፣ ሲያዝ ከውኃው እየዘለለ ይታገላል፣ ክንድንም እንደ ኪንግ አይጨርስም። ኪንግ ላይ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው፦ ከ28 ኢንች (71 ሴንቲ ሜትር) ያነሰው ይለቀቃል፤ የግዛቱ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በዓመት የሚፈቀደው ቁጥርም የተወሰነ ነው። የአላስካ የዓሣና የአደን መሥሪያ ቤት ወቅቱ መሀል ላይ ሳለ እንኳ በአስቸኳይ ትእዛዝ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ «ኪንግ ቢዘጋ ምን እናጠምዳለን?» ብለህ ጠይቅ፤ ጥሩ ሎጅ መልሱ አፉ ላይ ነው። የ7 ቀን ፈቃድ ነዋሪ ላልሆነ 45 ዶላር ነው፤ ኪንግ ለማጥመድ ሌላ 45 ዶላር ትጨምራለህ።

ጋይድ ምን እንደሚሠራ በአንድ ነገር ላሳይህ። ለኪንግ ሄሪንግ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ጭንቅላቷ በሰያፍ ተቆርጦ መንጠቆ ይሰካባታል፤ ስትሳብ እንድትሽከረከር ነው አቆራረጡ። ኪንጉ ሲነካት ብዙ ጊዜ አይጎትትም፤ የዘንጉ ጫፍ አንዴ፣ ሁለቴ ነቅነቅ ይላል፣ አንዳንዴም ክሩ ድንገት ይላላል። ያኔ ደንግጦ ዘንጉን ወደ ላይ የሚመነጭቅ ሰው ማጥመጃውን ከአፉ ያወጣበታል። ክሩን የሚጠቀልለውን መዘውር ቶሎ ቶሎ እያዞሩ ክብደቱ ዘንጉን እስኪያጎብጠው መጠበቅ ነው። አንድ ጋይድ በዕድሜ የገፉ ሰው ዘንግ ላይ መዳፉን አሳርፎ «ያዙሩ፣ ያዙሩ፣ ገና ነው» ሲላቸው አይቻለሁ፤ ዘንጉ ሲጎብጥ እጁን አነሣ፣ ዓሣው የእሳቸው ሆነ። ገንዘብህ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

የዓሣ አያያዙንም ጠይቅ። የሚቀመጠው ዓሣ ወዲያው ስንጥቡ ተቆርጦ ደሙ መፍሰስና በረዶ ውስጥ መግባት አለበት፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ሳልሞን ሥጋው ይላላል። ሥጋውን በዕለቱ ቆርጦ፣ አየር አስወጥቶ አሽጎ የሚያቀዘቅዝ ሎጅ ፈልግ። ይህ ዋጋው ውስጥ መግባቱን በጽሑፍ ያረጋግጡልህ። ዓሣውን ይዛችሁ የምትመለሱበት ሣጥን ሲሞላ 50 ፓውንድ (23 ኪሎ ያህል) እንዳያልፍ፤ አየር መንገዶች ትርፍ ያስከፍላሉ።

ብዙዎቹ ሎጆች መንገድ አይደርስባቸውም፤ ከኬቺካን ወይም ከሌላ ከተማ ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚገባው። የሻንጣ ኪሎ ይገደባል፣ የራሳችሁንም ክብደት ይጠይቋችኋል፤ ጠንካራ ሻንጣ ትታችሁ ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ጭጋግ ከወረደ አይበረርምና ከመመለሻ በረራችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከተማው ውስጥ አስይዝ። ኬቺካን በዓመት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ያገኛል። የዝናብ ልብሱንና ቦቱን አብዛኛውን ጊዜ ሎጁ ይሰጣል፤ የአባትህን የልብስና የጫማ ቁጥር አስቀድመህ ላክ።

ለእሳቸው ስትል ሁለት ነገር አትርሳ። ጀልባው ሽንት ቤት እንዳለው ጠይቅ፤ የሌላቸው አሉ፣ ለሽማግሌ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስቃይ ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ይያዙ፣ የባሕር ሕመም መከላከያውንም ከዚያ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ካስመለሳቸው በኋላ መዋጡ እምብዛም አይረዳምና ከመሳፈራቸው በፊት ይውሰዱት።

ለጋይዱ የሚሰጠው ጉርሻ ዋጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ገንዘቡን ከከተማ አውጥተህ በጥሬው ያዝ።