ጠዋት የሚሠራ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደክም የፋጅ ርጭት

የተከተፈ ሰላጣ አጥበው የሚያሽጉ አንባቢ የሚከተለውን ችግር ገልጸውልናል። በምግብ አማካይነት ሰውን የሚያሳምመውን ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ለመከላከል ከማሸጊያው በፊት ባክቴሪዮፋጅ (በአጭሩ ፋጅ፣ ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ) ይረጫሉ፤ ፋጁ ጊዜው ያላለፈበትና በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነው። ጠዋት የሚወሰደው ናሙና ንጹሕ ሲሆን ከሰዓት በኋላ በሚወሰደው ግን ሊስቴሪያ ይገኛል። ችግሩ የጀመረው የርጭት ፓምፑ ከተጠገነ ወዲህ ሲሆን፣ ጠጋኙ በሥራ ማብቂያ መስመሩን ለማጠብ እንዲመች ብሎ የርጭቱን ቱቦ ከክሎሪናማው የማጠቢያ ውሃ ጋር በቲ (ሦስት አፍ ባለው የቱቦ ማገናኛ) አገናኝቶታል። በዚሁ መሣሪያ የተከተፈ ፖም መርጨት ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል።

እንደ ግምቴ ጥፋቱ ያለው ከፋጁ ሳይሆን ከዚያ ቲ ነው። ባክቴሪያው ፋጁን የሚቋቋም ሆኖ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ይገኝ ነበር። የታንከሩ መሞቅም ቢሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም። ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነገር አለ ማለት ነው፤ እርሱም ፈሳሽ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግደው ቼክ ቫልቭ እየሾለከ ወደ ፋጁ ታንከር የሚመለሰው ክሎሪን ይመስለኛል። በርካሽ ቼክ ቫልቮች ውስጥ ያለው ጎሚኒ ክሎሪን ሲነካው ቶሎ ይደርቃል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ሕይወት ያለው ምርት የሚያልፍበትን መስመር በእንዲህ ያለ ዕቃ ከክሎሪን ጋር ማገናኘት ጥገና ሊባል አይገባውም።

የክሎሪኑ መጠን ትንሽ ቢሆንም ጉዳቱ ለምን እንደሚከፋ በዝርዝር ላስረዳ፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና። ፋጅ አይዋኝም፣ ባክቴሪያውንም ፈልጎ አይሄድም። በውሃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንሳፈፈ ከባክቴሪያው ጋር የሚጋጠመው በአጋጣሚ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ባክቴሪያ ፋጅ እስኪያገኘው የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው በዙሪያው ያለው የፋጅ ብዛት እንጂ የባክቴሪያው ብዛት አይደለም። በፈሳሽ ውስጥ በተለመደው የመጣበቅ ፍጥነት ሲሰላ፣ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ፋጅ ካለ አንድ ባክቴሪያ በአማካይ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይያዛል። ክሎሪኑ ከመቶው 99ኙን ገድሎ ቁጥሩን ወደ 1 ሚሊዮን ካወረደው ግን ያው ግጥሚያ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቅጠሉ ላይ ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ይህን ያህል ጊዜ አይቆይም፤ ሽፋኑ ሲደርቅ ፋጁ ባለበት ተጣብቆ ይቀራል፣ ባክቴሪያውም ከአጠገቡ ሳይነካ ይተርፋል። የተረፈው ፋጅ ተራብቶ ጉድለቱን ይሞላል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ፋጅ የሚራባው በማደግ ላይ ባለ ባክቴሪያ ውስጥ ነው፤ ሊስቴሪያ ደግሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ማደጉን ባያቆምም እድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው።

ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ክሎሪኑን ለማጥፋት ወይም መስመሩን ለማጽዳት ብለው አሲድ አይጨምሩበት። ክሎሪናማ ውሃና አሲድ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሰው ሊገድል ይችላል።

ግምቴን ለማረጋገጥ ከፋጁ ታንከር ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀድተው ክሎሪኑን ይለኩ። ለማጠቢያ ውሃ የሚሸጠውና እስከ 200 ሚሊግራም በሊትር የሚያነበው ወረቀት ለዚህ አይጠቅምም፤ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ ባዶ ነው ብሎ ያሳስትዎታል። ከ0 እስከ 5 ሚሊግራም የሚለካ መመርመሪያ ይያዙ። ከዚያም ከታንከሩና ከኖዝሉ (ከመርጫው አፍ) ጫፍ ናሙና ወስደው የሕያው ፋጅ ብዛት በላቦራቶሪ እንዲቆጠር ያድርጉ።

ክሎሪን ከተገኘ ቲውን ነቅለው ይጣሉት፤ የተሻለ ቫልቭ መግጠም መፍትሔ አይሆንም። የፋጁ መስመር የራሱ ታንከርና የራሱ ቱቦ ይኑረው፣ ውሃ የሚሞላበት ቧንቧም አፉ ከታንከሩ የውሃ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይቁም፤ በመካከል ክፍት አየር ካለ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ፋጁን የሚያቀጥኑበት ውሃም የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል በካርቦን ማጣሪያ ያሳልፉት። ርጭቱ ከመጨረሻው ማለቅለቂያና ከውሃ ማጥለያው በኋላ፣ ቅጠሉ በሚገላበጥበት ቦታ ይሁን። በቀበቶው ላይ የአልትራቫዮሌት መብራት ካለ ከርጭቱ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን፣ ጨረሩ ፋጁንም ይገድላልና። የድሮውን መስመር ሲያጥቡ በንጹሕ ውሃ በደንብ ሳያለቀልቁ አሲድነት ያለው ማጽጃ አያስገቡበት፤ ይህን የምደግመው ጋዙ ለማምለጥ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው።

ፖሙን በተመለከተ፣ የተቆረጠ ፖም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 4 አካባቢ፣ ማለትም ጎምዛዛ ስለሆነ ብዙ ፋጆች በላዩ ቶሎ ይሞታሉ፤ ጎምዛዛነቱ አነስተኛ በሆነው ሜሎን ላይ የተሻለ ይሠራሉ። ስለዚህ ለፖም አልመክርዎትም።

ናሙና ሲልኩ ፋጅ እንደተረጨበት ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ያልተገታ ፋጅ በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ሥራውን ቀጥሎ ሊስቴሪያ የለም የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ክሎሪኑ ከተወገደ በኋላም ባክቴሪያው ከተገኘ፣ ከናሙናው የተገኘውን የባክቴሪያ ዝርያ ለፋጁ አምራች ልከው ፋጁ ይይዘው እንደሆነ ያስፈትሹ።