ምክራችሁ ከጓዳ ይጀምር

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በሥነ ምግብ፣ በነርስነትና በሕክምና ለምትማሩና ገና ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ሌላውም ሰው ቢያነበው አይጎዳም። መቼም "ይህን ብላ፣ ያንን ተው" የማይል ሰው የለም።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዋሽንግተን አካባቢ የምግብ አማካሪ ሆኜ ነው። እዚያ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ ጎረቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንጀራ ልትገዙ ወጥታችሁ ፑፑሳ የሚባለው የሳልቫዶሮች የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ሽታ ይቀበላችኋል። ከሳልቫዶሮቹ ብዙዎቹን ከአገራቸው ያስወጣቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 የቆየው የርስ በርስ ጦርነት ነው። ያ ጦርነት ወደ 75,000 የሚጠጋ ሰው ጨርሷል። ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡም አሉ። ለዓመታት ፊት ለፊቴ ወንበር ስበው የተቀመጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሙያውን ትምህርት ቤት ጀመርኩት፤ የበሰልኩት ግን እነሱ ጓዳ ነው።

አንዲት እናት ትመጣለች እንበል። ስኳር አለብሽ ተብላለች። ሌላ ቦታ ያየቻት ባለሙያ ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣቸውን "ክልክል" ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጥታታለች። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። "ታዲያ ምን ልብላ?" ትላለች። አስቡት። ለእሷ ቶርቲያ ተዪ ማለት የእኛን እናቶች እንጀራ ተዉ እንደማለት ነው። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም፣ ማንኪያውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲበዛ አይቻለሁ። የሚጽፉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ቶርቲያው እንዴት እንደሚሠራ ግን ቆመው አላዩም።

እስቲ አሠራሩን ልንገራችሁ። ያየሁት በጓቲማላ ደጋ፣ ከኬትሳልቴናንጎ ከተማ ወጣ ባለች መንደር ውስጥ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። ባለቤቲቱ የደረቀ በቆሎ ድስት ውስጥ ትጨምራለች፤ ውሃ ታፈስበታለች። ከዚያ ኖራ ትጨምራለች። አዎ፣ ኖራ! ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ኖራ ነው፤ ለግንባታ የሚሸጠውን እንዳትሞክሩት። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለድስቱ ሙሉ በቆሎ በማንኪያ የሚለካ። እሳት ላይ ጥዳው አጠገቡ ትቀመጣለች። ሰዓት አታይም። አልፎ አልፎ አንዲት ፍሬ አውጥታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሻታለች። ቆዳው ሙልጭ ብሎ ሲወልቅ ድስቱን ታወርደዋለች። ከነውሃው ያድራል። ይህ ኒክስታማል ይባላል።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች። በቆሎውን በብዙ ውሃ ታጥበዋለች። የመጀመሪያው እጣቢ ቢጫ ነው፤ ያዝለገልጋል። ውሃው እስኪጠራ ትደጋግመዋለች። ከዚያ በሳፋ አድርጋ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ አለ። የመንደሩ ወሬ ሁሉ የሚሰማው እዚያ ነው፤ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ወደ ሰሜን ሄደ። ቤት ስትመለስ ሊጡን በድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ አንድ ጊዜ ደግማ ታልመዋለች። የሸክላ ምጣዳቸው ኮማል ይባላል። እሱንም እንዳይዝባት በኖራ ውሃ ትቀባዋለች። ከዚያ በመዳፏ ጨብ ጨብ እያደረገች ታጠፈጥፋለች። ቶርቲያው ምጣዱ ላይ ሲነፋ በጣቷ ትገለብጠዋለች፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለች። ቤተሰቡ ከብቦ ከቅርጫቱ እየመዘዘ ይበላል።

አሁን እኛ በሳይንስ ወደምናውቀው እንምጣ። ደረቅ በቆሎ ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን አለው፤ ነገር ግን ተቆልፎ ነው ያለው። አንጀታችን አብዛኛውን ሊወስደው አይችልም። ኖራው ይፈታዋል። የፍሬውን ቆዳ ያላቅቃል፤ የካልሲየም መጠኑን ብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ሊጡም እንዲያያዝ ያደርገዋል። አንዳንዶቻችሁ ከሱቅ ተራ የበቆሎ ዱቄት ገዝታችሁ ቶርቲያ ልትሠሩ ስትሞክሩ የሚፈራርስባችሁ ለዚህ ነው። ዱቄቱ ኖራ አላየም። በኖራ የተዘጋጀው ለብቻው ታሽጎ ይሸጣል፤ እሱን ግዙ።

በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ ሲሻገር እህሉ ሄደ፤ ኖራው ቀረ። የሴቶቹን ሥራ የጠየቀ አልነበረም። ድሃው ገበሬ በቆሎን እንዳለ ፈጭቶ ዋና ምግቡ አደረገው። ከዚያ ቆዳ የሚያቆስል፣ ሆድ የሚያስቀምጥ፣ ኋላም አእምሮ የሚያናውጥ በሽታ መጣ። ጋስፓር ካሳል የሚባል ስፔናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1735 በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አይቶ መዘገበው። በ1771 ጣሊያን ውስጥ ፔላግራ ተባለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካን ደቡብ ግዛቶች አጠቃ። ብዙ ሐኪም ተላላፊ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከ1914 ጀምሮ ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ የመንግሥት ሐኪም ችግሩ የምግብ እንደሆነ እየደጋገመ አሳየ፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነበር። መድኃኒቱ ናያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው።

በጓቲማላ ደቡባዊ ጠረፍ በቆሎ በኖራ ይቀቀል እንደነበር የሚያሳዩ የ3,000 ዓመት ያህል ምልክቶች ተገኝተዋል። ሴቶቹ ናያሲን የሚባል ቃል አልሰሙም። ቅድም ያልኳችሁን ፍሬ በጣታቸው እያሹ ግን በቆሎ የሚበላውን ሕዝባቸውን ከዚያ በሽታ ጠብቀውታል። የአንድን ቤት ምግብ ከመንቀፋችሁ በፊት እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ ጠይቁ የምላችሁ ለዚህ ነው። የምታዩት ሁሉ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሳታውቁ ስታስቀሩት ምን አብሮት እንደሚቀር አታውቁም።

ይህን ቀድመው የገባቸው ሳይንቲስቶች እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የሥነ ምግብ ተቋም ጓቲማላ ሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። ሪካርዶ ብሬሳኒ የሚባል የጓቲማላ ሰውና ባልደረቦቹ በ1958 ባሳተሙት ጥናት፣ በቆሎ ቶርቲያ እስኪሆን በየደረጃው ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያገኝ ለኩ። የአገራቸውን እናቶች ሥራ ትልቅ ቁም ነገር ብለው ያዙት። እኔ እንዲህ ያለውን ሳይንስ ነው የምወደው።

ቶርቲያው ደግሞ ብቻውን አይበላም። አጠገቡ ቦሎቄ አለ። በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ቦሎቄ ላይ ይህ ሞልቷል። ማሳው ላይም አብረው ነው የሚበቅሉት፤ በቆሎው ይቆማል፣ ቦሎቄው ይጠመጠምበታል፣ ዱባው መሬቱን ይሸፍናል። የዱባው ፍሬ ሳይቀር ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ለወጥ ይሆናል። ፔፒያን የሚባለውን የጓቲማላ ወጥ የሚያወፍረው እሱና ሰሊጥ ነው። ለእኛ ሰው አፍ ቶሎ የሚስማማ ወጥ ነው፤ ካገኛችሁ አትለፉት።

ወደ ሳልቫዶሮቹ ልመለስ። ፑፑሳ እ.ኤ.አ. በ2005 በሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ተብሏል፤ በየዓመቱ የኅዳር ወር ሁለተኛ እሑድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ይከበራል። ሴትዮዋ የሊጥ ድቡልቡል ይዛ መካከሉን በአውራ ጣቷ ታጎደጉደዋለች። አይብ፣ የተፈጨ ቦሎቄ ወይም የአሳማ ሥጋ ትሞላበታለች። ሎሮኮ የሚባል እንቡጥም ከአይቡ ጋር ይገባል፤ ሽታው ልዩ ነው። ዘግታ፣ ጠፍጥፋ ምጣዱ ላይ ትጥለዋለች። አጠገቡ የሚቀርበው ኩርቲዶ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት በኮምጣጤና በኦሬጋኖ ተደርጎ የቆየ። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ ከጠየቃችሁ ይሰጧችኋል፤ ግን እኛም በእጅ ስለምንበላ በዚህ ቶሎ እንግባባለን።

እንግዲህ ያቺ ስኳር ያለባት እናት ፊታችሁ ተቀምጣለች። እኔ "ተዪ" አልላትም። "በአንድ ማዕድ ስንት ትበያለሽ? ቤት ውስጥ ማን ይጠፈጥፋል? መጠጡስ ምንድን ነው?" እላታለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ችግር መጠጡ ላይ ይገኛል። ጠርሙስ ሙሉ ለስላሳ፣ ወይም ኦርቻታ የሚባለው ስኳር የበዛበት መጠጥ። አራት ፑፑሳ ሁለት ይሆናል። ከአይብና ከአሳማው ይልቅ ቦሎቄ ይሞላል። ኩርቲዶው ይበዛል። ለስላሳው ይቀራል። ይህን ያህል ሴትዮዋ ትችለዋለች። ቤቷ ሄዳ ለልጆቿ ሌላ፣ ለራሷ ሌላ መሥራት አይጠበቅባትም። ምክራችሁ ቤተሰብ ከሚበላበት ገበታ ላይ ካስነሳት፣ ሁለት ሳምንት አይቆይም።

ስለ አጠራርም ልንገራችሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቅ ሴትን በስሟ ብቻ አትጥሩ። "ዶኛ" በሉ፤ ወንዱን "ዶን"። እኛ "እትዬ"ና "ጋሼ" እንደምንለው መሆኑ ነው። አንቱታውንም በስፓኒሽ ተማሩት። ከጓቲማላ ደጋ ለመጡት ደግሞ ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋቸው ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። የአፍ መፍቻቸው ኪቼ ወይም ማም ወይም ሌላ የማያ ቋንቋ ይሆናል። ራሷን እየነቀነቀች "ሲ፣ ሲ" ያለቻችሁ ሁሉ ገብቷታል ማለት አይደለም። አስተርጓሚ ስትጠይቁ የትኛው ቋንቋ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። የእናቶችን ሙያ ሳደንቅ ድህነትን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ጓቲማላ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነው። በማያ ቤተሰቦች ከዚያም ይብሳል። ኖራውና ቦሎቄው መልካም ሆኖ ሳለ መሬቱ ያንሳል፣ ውሃው ንጹሕ አይደለም፣ ሥጋና እንቁላል በሳምንት አንዴም ላይገኝ ይችላል። ሕፃን ልጅ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በቶርቲያ ቶሎ ይጠግባል፤ በእሱ ብቻ ግን በደንብ አያድግም። ጭሱም አለ። ሦስት ጉልቻ ላይ እንጨት እየነደደ፣ ልጅ በጀርባ ታዝሎ ነው የሚጋገረው። በሳን ማርኮስ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተደረገ ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ባገኙ ቤቶች የሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ምድጃው ፕላንቻ ይባላል። እናቶቹ የሚጋግሩበት ሰፊ ብረት ስላለው ወደዱት። ምግባቸውን ሳይነካ ጭሱን አወጣላቸው። ጥሩ ለውጥ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ልፋቱም ይታያችሁ። ሌሊት 11 ሰዓት የምትነሳው ሁልጊዜ ሴቷ ናት። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ወገቧ ትንሽ አረፈ። ዋሽንግተን የገባችው ደግሞ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ዱቄቱን ከሱቅ ትገዛለች። "ድሮ እኮ በእጅ ነበር" እያላችሁ አታሸማቅቋት። ይልቅ ወንዶች ልጆቿ ሊጥ ማድቦልቦል ይችሉ እንደሆነ ጠይቋት። የኛም ወንዶች ብትሆኑ እንደዚያው።

ሌሎቹን አገሮች በጨረፍታ ነው የማውቃቸው። ኒካራጓውያን እሑድ ጠዋት ናካታማል ይበላሉ፤ የበቆሎ ሊጥ በሥጋ ተሞልቶ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ነው። ከቡና ጋር ነው የሚቀርበው። በነገራችን ላይ ቡናው የእኛ ነው። ጌሻ የሚባለው ዝርያ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ። በ2004 ፓናማ ውስጥ በጨረታ ዋጋው ሰማይ ነካ። በሆንዱራስ ጠረፍ ደግሞ ጋሪፉናዎች አሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1797 ከሴንት ቪንሰንት ደሴት ካባረሯቸው ጥቁሮች የተወለዱ ናቸው። የእነሱ ዋና ምግብ ካሳቫ ነው። ካሳቫውን ፍቀው፣ ጨምቀው መርዙን ካወጡ በኋላ ነው የሚጋግሩት። ያንን መጭመቅ የዘለለ ሰው ይታመማል።

አገር ቤት ላላችሁትም ይህ ሩቅ አይደለም። በቆሎ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ በምርት መጠን ከእህል ሁሉ ቀዳሚ ነው። ወደ እኛም የመጣው ያለ ኖራው ነው። እናቶቻችን ግን የራሳቸውን መላ አበጅተውለታል፤ ያቦኩታል፣ ከጥራጥሬ ጋር ይቀቅሉታል፣ ከጤፍ ይቀላቅሉታል። ገጠር ጤና ጣቢያ የተመደባችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው ወር ማስተማሪያ ፖስተሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስት አራት ቤት ገብታችሁ ሲቦካ፣ ሲፈጭ፣ ሲጋገር እዩ። ማስታወሻ ያዙ። ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ውሃው እንደሚደፋ፣ ሕፃኑ ከየትኛው እንደሚቀምስ ጻፉ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ፑፑሴሪያ፣ ማለትም ፑፑሳ ቤት፣ ግቡ። ምጣዱ የሚታይበትን ወንበር ምረጡ። ምሳና እራት ሰዓት ላይ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ሂዱ፤ ያኔ ዶኛዋ ጊዜ አላት፤ ከጠየቃችኋት ሊጡን እጃችሁ ላይ ታስቀምጥላችኋለች።