ስሙ «ዘላቂ»፣ ውስጡ የድንጋይ ከሰል

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ስሙ ላይ «ዘላቂ» የሚል ቃል ያለበት የኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ገንዘብ አስገባሁ። ገንዘቤ የድንጋይ ከሰልም የጦር መሣሪያም እንዳይነካ ብዬ ነው። ሰሞኑን ፈንዱ የያዛቸውን አክሲዮኖች ዝርዝር ሳይ ሁለቱንም አገኘኋቸው። አልከሰርኩም፤ እንዲያውም አትርፌያለሁ። ግን ተታልያለሁ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ቢናደዱ አልፈርድብዎትም። ክሱን ግን ለጊዜው ያቆዩትና ገንዘቡን ሲያስገቡ የተሰጠዎትን የፈንዱን መግለጫ ሰነድ ፈልገው ያውጡ። ዳኛ ፈንዱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ምን አደርጋለሁ አለ? ያለውንስ አደረገ?» ብሎ ነው። የከሰል ኩባንያ አክሲዮን መግዛት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው አልገዛም ብሎ ከገዛ ነው።

ስለዚህ ሰነዱ ውስጥ ግሱን ይፈልጉ። «አይገዛም» ካለ ጠንካራ ነገር በእጅዎ ይዘዋል። «አካባቢያዊና ማኅበራዊ ጉዳዮችን ከግምት ያስገባል» ካለ ግን ከግምት አስገብቶም መግዛት ይችላል። «አስቤበት ነው የገዛሁት» ቢልዎ ምን ይሉታል? ይህችን ግስ የሚመርጡት ጠበቆች ናቸው። ባልደረቦቼን አማሁ አይበሉኝና፣ በአጋጣሚ አይመርጧትም።

ቢሆንም ባዶ ቃል አይደለችም። አስባለሁ ብሎ ጭራሽ ያላሰበም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ የጎልድማን ሳክስ ባንክን የንብረት አስተዳደር ድርጅት 4 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ሠራተኞቹ ስለ ኩባንያዎቹ መሙላት የነበረባቸውን መጠይቅ ብዙ ጊዜ የሞሉት አክሲዮኖቹ ከተመረጡ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ግዢ፣ ከዚያ ምርመራ!

«አይገዛም» የሚለውም ቢሆን ቁጥር ሊከተለው ይችላል። «ከገቢው ከ5 በመቶ በላይ ከከሰል የሚያገኝ ኩባንያ» ይልና፣ እርስዎ ያዩት ኩባንያ 4 በመቶ ብቻ የሚያገኝ ሆኖ ቁጭ ይላል። ትርጉሙንም ይዩ። «አወዛጋቢ የጦር መሣሪያ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የተቀበረ ፈንጂ፣ ክላስተር ቦምብ፣ ኬሚካልና ባዮሎጂያዊ መሣሪያ ማለት ነው። ታንክ የለበትም።

ስሙ ራሱ ግዴታ የሚያመጣበት ቦታም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት «ዘላቂ» የሚል ስም የያዘ ፈንድ ቢያንስ 80 በመቶው ከስሙ ጋር መሄድ አለበት፤ ከገቢው 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከድንጋይ ከሰል የሚያገኝ ኩባንያም አይያዝም። ፈንድዎ እዚያ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ይቀልልዎታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አትርፈዋል። ካሳ የሚከፈለው ለደረሰ ጉዳት ነው፤ ዳኛው «የጎደለብዎት ስንት ነው?» ሲልዎ የሚያሳዩት ቁጥር የለም። የሕሊና ጉዳት እውነት ነው፣ ግን በኢንቨስትመንት ክርክር ላይ ገንዘብ የሚያስገኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ካሳ አገኛለሁ ብለው ለክስ ገንዘብ ባያወጡ እመርጣለሁ። የመውጫ ክፍያ ሳይጠየቁ ልውጣ ማለት የተሻለ ጥያቄ ነው።

ለተቆጣጣሪው አካል ማመልከት ግን ያዋጣል። በአውስትራሊያ መርሰር ሱፐር የተባለ የጡረታ ፈንድ «ዘላቂ» ያላቸው አማራጮቹ የካርቦን ነዳጅ፣ አልኮልና ቁማር እንደማይነኩ ለአባላቱ ተናግሮ ነበር። ሲፈተሽ 15 የነዳጅ፣ 15 የአልኮልና 19 የቁማር ኩባንያዎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፍርድ ቤት 11.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ከሳሹ ተቆጣጣሪው ነበር። ቅጣቱም የገባው ወደ መንግሥት ካዝና እንጂ ወደ አባላቱ ኪስ አይደለም። ይህን አውቀው ይግቡበት።

ለፈንዱ አስተዳዳሪ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ሁለቱን ኩባንያዎች በስም ጠርተው፣ መቼ እንደተገዙና የትኛው የሰነዱ አንቀጽ እንደፈቀደ ይጠይቁ። ስድብም ስብከትም አያስፈልግም። የመግለጫ ሰነዱንና ያዩትን ማስታወቂያ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ድረ ገጽ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ካወቁ በኋላ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ከቆዩ ደግሞ «ተስማምተው ነው» መባልዎ አይቀርም። ይርጋም (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በብዙ አገር ጉዳዩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ዝርዝሩን ያዩበትን ቀን ዛሬውኑ ይጻፉት።