ቅጠሉን ከማድረቃችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

የአገር ቅጠል ለወባ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተሽ ሽር ጉድ ስትሉ ሳያችሁ የራሴ ደብተር ትዝ አለኝ። ወጣት ሳለሁ አንድ መድኃኒተኛ አባት «በእርጥቡ ወቅጠህ፣ ጨምቀህ ስጥ» ብለውኝ ነበር። እኔ የጻፍኩት የተክሉን ስም ብቻ ነው። ከዚያ እንደተማርኩት አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ ሙቀት አብዝቼበት ንጥረ ነገሩን አወጣሁት። ወባ የያዛቸውን አይጦች አልረዳቸውም። «ወሬ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም የወባ መድኃኒት ከቅጠል ስትፈልግ ውጤቱ አልረጋ ብሏት ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአገሯ ሐኪም ጌ ሆንግ ቅጠሉን ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን እንዳልጻፈ ስታስተውል ሙቀቱ ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ ጠረጠረች። በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 191ኛው ናሙና በአይጦችና በጦጣዎች ላይ ያለውን የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ዛሬ አርቴሚሲኒን የምንለው የወባ መድኃኒት ከዚያ ወጣ፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

ስለዚህ መድኃኒተኞችን ስትጠይቁ አትቸኩሉ። ሥሩ ነው ቅጠሉ? እርጥቡ ነው ደረቁ? በማር ነው በአረቄ? አረቄ ማጣፈጫ አይደለም፣ አልኮል ነው፤ ውሃ የማያወጣውን ያወጣል። «ወባ» ያሉትስ የትኛውን ነው? የሚያንቀጠቅጠውን ንዳድ ነው ወይስ ምችን? (ምች ከሆነ ዳማከሴ አለላችሁ፤ አይጥ አታስቸግሩ።)

የአራት ቀኑን ፈተና ታውቁታላችሁ፦ ፕላዝሞዲየም በርጌይ በተባለ የወባ ጥገኛ የተያዙ አይጦች አራት ቀን ይታከማሉ፣ በማግስቱ ከጅራታቸው ደም ተወስዶ በመስተዋት ስላይድ ላይ በጊምሳ ቀለም ይቀለምና ጥገኛው ይቆጠራል። ቅጠሉ የሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ የሚወስድና የታወቀውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪንን የሚወስድ ቡድን ይኑራችሁ። ስላይዱን የሚቆጥረው ሰው የየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ፤ ዓይን የሚወደውን ይቆጥራል። በኪሎ 600 ሚሊግራም ሰጥታችሁ ጥገኛው በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ «ኃይለኛ መድኃኒት» ብላችሁ አትጻፉ። ያን ያህል ማን ይውጣል? በርጌይም የአይጥ ወባ ነው፤ ሰውን በብዛት የሚገድለው ፋልሲፓረም የተባለው ነው።

ጭቁኛችን የቱ ዩዩ ተክል ዘመድ ነው፤ ዘመድ ስለሆነ ግን ያው ንጥረ ነገር አለው ማለት አይደለም። ቅርንጫፉን ከነአበባው ተጭናችሁ አድርቁና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ለደረቁ ዕፅዋት ማከማቻው፣ አስረክቡ። እኔ አላስረከብኩም። ከዓመታት በኋላ ያን ቅጠል በእርጥቡ ልሞክረው ተነሣሁ። ደብተሩ አለ፣ ስሙም በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሯል። በዚያ አገር ግን በዚያ ስም የሚጠሩት ተክሎች ሁለት ናቸው።