መሽቶ ይንጋላቸው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። የተመደበችው ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ሰው «ሙቀት ክፍል» የሚለው። ሰላምታችንን በወጉ ሳንጨርስ ጥያቄዋን አመጣችው። «ሲስተር፣ ማታ ማታ መብራቱን ብቀንሰው ሕፃናቱን እጎዳ ይሆን? አንዱ ቀንሺ ይለኛል፣ ሌላው እንዳትነኪ ይለኛል።»

የማውቀውን ነገርኳትና ዘጋን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ነጠላ ናት። ስለዚያች ነጠላ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ፣ ጋውናችሁ ገና ላላረጀ ልጆቼ፣ ልንገራችሁ።

ነገሩ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነበር የምሠራው። ክፍላችን ጠባብ ናት። ስድስት ኢንኩቤተር፣ ሕፃን የሚሞቅበት ሳጥን፣ ነበረን፤ ሁለቱ አይሠሩም። ጣሪያው ላይ አራት ረጃጅም ፍሎረሰንት አለ። አንደኛው ሌሊቱን ሙሉ ዝዝዝ ሲል ያድራል። እነዚያ መብራቶች ቀንም ማታም አይጠፉም። ይጥፉ ያለ ሰውም አልነበረም። ለእኛ ብርሃን ማለት ጥንቃቄ ነው። የሕፃን ከንፈር ሲጠቁር የምናየው በብርሃን ነው። ትንፋሹ ሲቋረጥ የምንደርስለት በብርሃን ነው። የልብ ምትና ትንፋሽ የሚከታተለው ሞኒተር እንደ ዛሬው በየሳጥኑ አልነበረም፤ ሞኒተራችን ዓይናችን ነው።

አንድ ሕፃን ነበር። በሰባት ወሩ የተወለደ፣ 1,300 ግራም። የዓይኑ ቆብ ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ሥሩ ይታያል። እናቱ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። በየሦስት ሰዓቱ ወተቷን በእጇ እያለበች በትንሽ ብርጭቆ ታመጣለች። እኛ በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ እንሰጠዋለን። ከዚያ ትቀመጣለች። ብዙ አትናገርም። ዝም ብላ ልጇን ታያለች።

በስድስተኛው ቀን ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሌላ ሕፃን መርፌ ሰጥቼ ዘወር ስል ኢንኩቤተሩ ነጭ ሆኖ አየሁት። ነጠላዋን አልብሳዋለች። አራት እጥፍ አድርጋ፣ ጥለቱን ወደ ግርጌ መልሳ፣ ዙሪያውን በጣቷ አበጃጅታዋለች። ሮጬ ሄድኩና ገፈፍኳት። «ምን እየሠራሽ ነው? ሳናየው ቢሞትስ? ይሄ ቤትሽ መሰለሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኳት። በሌሎቹ እናቶች ፊት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ሲስተር፣ አይቆጡኝ» አለች። «ልጄ እኮ ከተወለደ አልመሸለትም።»

ነጠላዋን ከእጄ ተቀብላ አጣጠፈቻት። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ሁለተኛ አልሞከረችም።

ያን ጊዜ ንግግሯን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ለመውለድም ለማሳደግም አዲስ የሆነች ልጅ ሆድ ብሷት የተናገረችው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ከዓመታት በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የቆዩ መጽሔቶችን ሳገላብጥ አንድ ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ 41 ሕፃናትን በሁለት ክፍል አደረጓቸው። በአንደኛው ክፍል ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ብርሃኑም ጫጫታውም ይቀንሳል። በሌላኛው እንደ እኛ ነው፤ መሽቶም ነግቶም ያው። ማታ የመሸላቸው ሕፃናት ብዙ ተኙ። ለመመገብ የሚፈጅባቸው ጊዜ አጠረ። ክብደትም ጨመሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። መወለድ ከነበረባቸው ቀን ሦስት ወር ሲያልፍ በአማካይ ግማሽ ኪሎ ይበልጡ ነበር።

ግማሽ ኪሎ! በግራም ስንሟገት ለኖርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጥናቱ የወጣው እኔ ነጠላዋን ከመግፈፌ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ።

ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት፣ ጉልበትን ወደ ሥጋ የሚቀይርበት ሥራ፣ ሜታቦሊዝም የምንለው፣ ሰዓት ያውቃል። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን መምሸት መንጋቱን ለአንጎል ለማሳወቅ የተቀመጡ ሴሎች አሉ። ከሁሉ በላይ ሰማያዊ ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል። አንጎል መሽቷል ሲባል ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያስለቅቃል፤ ብርሃን ካየ ያግደዋል። ጉበትና ቆሽትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ማኅፀን ውስጥ ላለ ልጅ ሰዓቱ እናቱ ናት። የእሷ ሜላቶኒን በእንግዴ ልጁ በኩል ይደርሰዋል። ያለጊዜው ሲወለድ ያ ይቋረጥበታል። የራሱ እስኪጀምር ደግሞ ወራት ይፈጃል። ከ30 ሳምንት በፊት የተወለደ ከሆነ ብሌኑ እንኳ ለብርሃን ገና አትጠብም። ፊቱን አዙሮም አያመልጥ። በዚያ ላይ ታሟል።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። እንዲህ ያለ ልጅ ለማደግ በኪሎ ከ110 እስከ 130 ካሎሪ በቀን ይፈልጋል። ለዚያ 1,300 ግራም ለሆነው ልጅ ወደ 150 ካሎሪ ነው። አንድ ሙዝ ተኩል ማለት ነው። ከዚያች ላይ ይተነፍስበታል፣ ይሞቅበታል፣ ኢንፌክሽን ይታገልበታል። የተረፈችው ናት ሥጋ የምትሆነው። በነቃና በተወራጨ ቁጥር፣ ባለቀሰ ቁጥር፣ ከዚያችው ይቀነሳል። ስለዚህ ለታመመ ጨቅላ እንቅልፍ ምግብ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የእናት ወተትም ሰዓት ያውቃል። ሌሊት የታለበ ወተት ውስጥ ሜላቶኒን አለ፤ የቀኑ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያቺ ልጅ በውድቅት ሌሊት በብርጭቆ የምታመጣው ወተት ለልጇ «መሽቷል» ይለው ነበር። እኛ ከላይ በአራት ፍሎረሰንት እናስተባብልባት ነበር። ስለዚህ ወተት ስትቀበሉ የታለበበትን ሰዓት ጻፉበት፤ የሌሊቱን ለሌሊት አድርጉለት። ምንም ወጪ የለውም።

 

ግን ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ሄዶ ክፍሉን እንዳያጨልም። ጨለማ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቀንና ሌሊት ቀደም ብሎ የተለየላቸው ሕፃናት በድንግዝግዝ ከቆዩት ፈጥነው ክብደት እንደጨመሩ አሳይቷል። እኔ ስወለድ እናቴ መስኮቱን ዘግታ፣ በሩን በጋቢ ጋርዳ ነው አራስነቷን የጨረሰችው። ምች እንዳይመታን ነው። አያቴ ደግሞ በአሥራ አምስተኛው ቀን አውጥታ የጠዋት ፀሐይ ታሞቀኝ ነበር አሉ። ሁለቱም ባይሳሳቱም እያንዳንዳቸው የያዙት ግማሹን ነው። ጥናቶቹም ትንንሽ መሆናቸውን እወቁ። ብርሃን መቀነስ ሁሉን ነገር ያድናል ማለትም አይደለም። ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናትን ዓይነ ስውር የሚያደርገውን የሬቲና ሕመም ይከላከል እንደሆነ ተሞክሮ አልተሳካም፤ የዚያ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል።

ቢጫ የሆነ ሕፃን በፎቶቴራፒ ሥር ካለ ደግሞ ነጠላ የሚባል ነገር አይነካውም። እዚያ ብርሃኑ ራሱ መድኃኒት ነው። ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገውን፣ ቢሊሩቢን የሚባለውን፣ ሰውነት ሊያስወግደው ወደሚችል መልክ ይቀይረዋል። ዓይኑን ሸፍኑ፣ ፈሳሹን ተከታተሉ። ይህን ያገኘው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ ሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናቱን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ አንድ ሕፃን አሳየቻቸው። ቢጫነቱ ለቆታል፤ አንድ ሦስት ማዕዘን ቦታ ላይ ብቻ ቀርቷል። ቀብተሽው ነው እንዴ ብለው ጠየቋት። የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ ነበር። ሐኪሞቹ ሰሟትና ሁለት ዓመት ሳይቆይ የመጀመሪያው የፎቶቴራፒ ጽሑፍ ታተመ። በእኔም ፊት አንድ ጨርቅ ነበር። አንዲት እናትም ነበረች። አልሰማኋትም።

እናንተ ከእኛ ብዙ ታነባላችሁ። ጥያቄም አትፈሩም፤ ይሄ ያኮራኛል። ስልካችሁ ግን ያሳዝነኛል። በሌሊት ፍላሽ አብርቶ የሕፃን ፎቶ የሚያነሳ ነርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሞኒተሩ ካልጮኸ ከወንበሩ የማይነሳም አይቻለሁ። እኛ ብንሳሳትም ሕፃኑን እናየው ነበር።

አንዳንድ ቀን ነጠላዋን ማንሳቴ ልክ ነበር እላለሁ። ያለ ሞኒተር ሕፃን ሸፍኖ መተው አይቻልም፤ ዛሬም ሕጉ ይሄ ነው፣ አክብሩት። ሌላ ቀን ደግሞ ሕግ ምን ያደርጋል እላለሁ። የጣሪያውን ሁለቱን አጥፍቼ አንዲት የጠረጴዛ መብራት ወደ ግድግዳ አዙሬ በየሩብ ሰዓቱ መጥቼ ማየት እችል ነበር። ነጠላዋን ከፊት ገልጦ ዓይኑን ብቻ መከለል ይቻል ነበር። ያቺን ልጅ ደግሞ ቢያንስ ቢያንስ ለምን እንዲህ አልሽ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ለወጣቷ ነርስም የነገርኳት ይሄንን ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ቀንሺ፣ ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺ፣ ሥራ ያለብሽን ሕፃን ብቻ በትንሽ መብራት እዪ፣ እናቱንም ጠይቂያት።

ሕፃኑ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሞተ። የደም ኢንፌክሽን ነው የወሰደው። መብራቱ ገደለው አልልም፤ ውሸት ይሆናል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ሳጥኖቹ መቀዝቀዝ ስለሚጀምሩ ሕፃናቱን እያወጣን በየእናታቸው ደረት ላይ አደረግናቸው። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ፣ ብርሃኑን በጣቴ ጋርጄ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ እዞራለሁ። እሷ ጋ ስደርስ ያቺን ነጠላ ከላይ ደርባበታለች። ጉንጩ ጡቷ ላይ ነው። ሁልጊዜ ተጨማዶ የማውቀው ግንባሩ ተዘርግቷል። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ ረጋ ያለ ነው። ገለጥ አድርጌ ሳየው በሹክሹክታ «ዛሬ ገና መሸለት» አለችኝ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆየን። ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ አራቱም ፍሎረሰንት ቦግ አሉ። ሕፃኑ ፊቱን ቁጥር አደረገ። እሷ በመዳፏ ዓይኑን ጋረደችለት። እኔ እጄን ዘርግቼ «በይ ስጪኝ፣ ወደ ሳጥኑ እንመልሰው» አልኳት። ሰጠችኝ።