ማሽን የጻፈውን ኮድ ማን ይንካው?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ሰፈር የሚዞሩ ሆኑብን፦ ከተርሚናል (ኮማንድ ከሚጻፍበት መስኮት) ላይ የዌብ ሰርቪስ ኮድና ስኪማ (የዳታውን ቅርጽ የሚደነግግ ፋይል) የሚያመነጩ ቱሎች። የዚህን ዙር ዓምድ ለነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከሌላ ሰው የተረከብኩት የጃቫ ፕሮጀክት አለ። ከአንድ የሶፕ ሰርቪስ (በኤክስኤምኤል መልእክት የሚሠራ የዌብ ሰርቪስ) ጋር ያወራል። ሰውዬው ጥሎልኝ የሄደው ማስታወሻ «ተርሚናል ከፍተህ ደብልዩኤስ-ኢምፖርት በል፣ የዊዝደሉን አድራሻ ስጠው፣ አለቀ» ይላል (ዊዝደል ሰርቪሱን የሚገልጸው ፋይል ነው)። እኔ ስሞክረው ግን «እንዲህ የሚባል ኮማንድ የለም» ይለኛል። የጫንኩት ጃቫ 17 ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ምንም አልተሳሳትክም፣ ያረጀው ማስታወሻው ነው። ያ ከዊዝደል የጃቫ ኮድ የሚያወጣ ቱል ከጃቫ 6 ጀምሮ ከጄዲኬው (ጃቫ የሚሠራበት የቱሎች ጥቅል) ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ብቻውንም አልነበረም፤ ከኤክስኤምኤል ስኪማ ክላስ የሚያወጣው ኤክስጄሲ እና በተቃራኒው ከክላስ ስኪማ የሚያወጣው ስኪማጄን አብረውት ነበሩ። ጃቫ 9 ላይ «ልናስወጣችሁ ነው» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ጃቫ 11 ሲመጣ ተጠራርገው ወጡ።

ስለዚህ ቱሉን ለብቻው ማምጣት አለብህ። አንዱ መንገድ የማቨን (የጃቫ ፕሮጀክት የሚገነባ ቱል) ፕለጊን ነው፣ ሌላው አፓቼ ሲኤክስኤፍ ከሚባለው የዌብ ሰርቪስ ላይብረሪ ጋር የሚመጣው ዊዝደል-ቱ-ጃቫ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ የሚሰጠው ኤረር ቢያንስ ይነበባል። ግን ከማውረድህ በፊት ቨርዥኑን እይ። የድሮው ኮድህ ኢምፖርት የሚያደርጋቸው ፓኬጆች ስማቸው በጃቫኤክስ ይጀምራል፣ የአሁኖቹ ደግሞ በጃካርታ። ሥራቸው ያው ነው፣ ስማቸው ነው የተቀየረው፤ ኮምፓይለሩ ግን ፈጽሞ እንደማይተዋወቁ ባዕዳን ነው የሚያያቸው። ሲኤክስኤፍ 3 የድሮውን ስም ይጽፋል፣ ሲኤክስኤፍ 4 አዲሱን። የቀረውን ፕሮጀክት ሳትነካ የሚመነጨውን ኮድ ብቻ ማስኬድ ከፈለግክ ሲኤክስኤፍ 3ን ያዝ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔን አቃጥሎኛልና። አንድ ጊዜ ዊዝደሉን ላፕቶፔ ላይ አውርጄ ከዚያው ፋይል ኮድ አመነጨሁ። እኔ ጋ ፏ ብሎ ሠራ። ሰርቨር ላይ ስንጭነው ግን ገና ሲነሳ ወደቀ። ኔትዎርክ ነው ስንል፣ ፋየርዎል ነው ስንል ግማሽ ቀን ከባከንን በኋላ ሎጉን ረጋ ብዬ ሳነበው ሰርቨሩ እየፈለገ ያለው የኔ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ነው! ለካ ቱሉ ዊዝደሉን ያገኘበትን ቦታ እንዳለ ክላሱ ውስጥ ጽፎታል። ዊዝደል-ሎኬሽን የሚል ኦፕሽን አለ፣ እሱን ሙላ። ዊዝደሉንም ከፕሮግራሙ ጋር አብረህ አሽገው።

ጥያቄ፦ በኤክስጄሲ ጄኔሬት የተደረገው ክላስ ቀኑን የሚይዘው ኤክስኤምኤል-ግሪጎሪያን-ካሌንደር በሚባል ጉድ ነው። ሰለቸኝና ፋይሉን ከፍቼ በሎካልዴት (ቀን ብቻ በሚይዝ የጃቫ ዓይነት) ቀየርኩት። ደስታዬን ሳልጨርስ ባልደረባዬ ቢልድ አደረገ (ፕሮግራሙን ከነሚመነጨው ኮድ እንደገና ገነባ)፣ ሥራዬ በሙሉ ጠፋ። ፋይሉን መቆለፍ ይቻላል?

መልስ፦ መቆለፉን ተይው እህቴ። ፋይሉ አናት ላይ ያለውን ኮሜንት አይተሽዋል? ስኪማው እንደገና ሲመነጭ እዚህ ላይ የነካካሽው ሁሉ ይጠፋል ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ሳናነበው አልፈነዋል። ባልደረባሽን አትቆጪው፣ ልክ ነው ያደረገው።

የፈለግሽውን ለቱሉ ንገሪው። ኤክስጄሲ ባይንዲንግ ፋይል የሚባል የመመሪያ ፋይል ይቀበላል። መጀመሪያ ሁለት ሜተድ ብቻ ያላት አንዲት አዳፕተር ትጽፊያለሽ፣ አንዷ ጽሑፉን ወደ ሎካልዴት የምትቀይር፣ ሌላዋ ሎካልዴቱን ወደ ጽሑፍ የምትመልስ። ከዚያ ባይንዲንጉ ላይ «ስኪማው ዴት ሲል በዚህች አስተናግደው» ብለሽ ትጽፊና ፋይሉን ከኮማንዱ ጋር በሰረዝ ቢ (-b) ታቀብዪዋለሽ። ሺ ጊዜ ቢልድ ቢደረግ ለውጥሽ የትም አይሄድም። ስኪማው ላይ ያለው ዴትታይም (ቀንና ሰዓት) ከሆነ ግን በሎካልዴት እንዳትተኪው፣ ሰዓቱ ይጠፋብሻል።

የመነጨው ኮድ ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበት ማከማቻ) ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ጠብ መቼም አያልቅም። እኔ አላስገባም፤ ስኪማው፣ ባይንዲንጉና ኮማንዱ የተጻፈበት የቢልድ ፋይል ካሉ ይበቃኛል። የዊዝደሉን ኮፒ ግን አስገቢ። ቢልድሽ በየቀኑ ከሰው ሰርቨር እየሄደ የሚያመጣው ከሆነ እነሱ አንድ ነገር በነካኩ ቁጥር የአንቺ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ በዶትኔት (በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) ነው የምሠራው። ከኤክስኤስዲ ፋይል (የኤክስኤምኤል ስኪማ) የሲሻርፕ ክላስ አመነጨሁ። ኳንቲቲ የሚለውን 250 ብዬ ሞልቼ እልካለሁ፣ ኤረር የለም። ተቀባዮቹ ግን «ብዛቱን አልጻፍክም» ይሉኛል። ዲበግ ሳደርገው 250 ቁጭ ብሏል። ላብድ ነው!

መልስ፦ አትበድ። ከኳንቲቲ አጠገብ ኳንቲቲ-ስፔሲፋይድ የምትባል ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ ብቻ የምትይዝ) አለች፣ ሂድና እያት። ፎልስ ናት አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኪማው ላይ ኳንቲቲ ሚን-ኦከርስ ዜሮ ተብሏል፣ ማለትም ቢቀርም ይቻላል። የሲሻርፕ ተራ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ግን ባዶ መሆን አይችልም፣ ምንም ካልሰጠኸው 0 ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ «ሰውዬው 0 ብሎ ነው ወይስ ጭራሽ አልሞላውም?» የሚለውን በምን ይለየው? ቱሉ ያችን ቡሊያን የሚጨምረው ለዚህ ነው። ኤክስኤምኤሉ ሲጻፍ መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት፣ ትሩ ካልሆነች 250ህን ዘሎት ያልፋል። አማራጭ የሆነ ነገር ቢቀር ጥፋት ስላልሆነ ኤረርም አይሰጥህም።

ቁጥሩን በሞላህ ቁጥር እሷንም ትሩ አድርጋት። እንዳትረሳት ከፈራህ ደግሞ ክላሱ ፓርሻል (በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ ሊጻፍ የሚችል) ሆኖ ስለሚወጣ በሌላ ፋይል ሁለቱን አንድ ላይ የምትሞላ ሜተድ ጻፍ፤ ያ ፋይል የራስህ ነው፣ ቱሉ አይደርስበትም። ይህን ንድፍ ማን እንዳሰበው እንጃ፣ እኔ ግን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ጥያቄ፦ የጄሰን (ዳታ የሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ናሙና ስሰጠው ስኪማና ክላስ የሚያወጣልኝ ኩዊክታይፕ የሚባል ቱል አገኘሁ። እምነት ይጣልበታል?

መልስ፦ ለመነሻ አዎ። ግን የሚያውቀው ያሳየኸውን ብቻ ነው። አንድ ናሙና ብቻ ከሰጠኸው ሁሉም ፊልድ የግድ ነው ብሎ ይደመድማል። ናሙናው ላይ ክብደት 12 ከሆነ ኢንቲጀር ይልሃል፣ ነገ 12.5 ሲመጣ ጉድ ይፈላል። ብዙና የተለያየ ናሙና ስጠውና የወጣውን በዓይንህ ፈትሽ። የሰርቪሱ ባለቤቶች ኦፕንኤፒአይ ፋይል (ሰርቪሱን የሚገልጽ ፋይል) ካላቸው ደግሞ ግምት ውስጥ ምን አስገባህ? ከሱ አመንጭ።

ጥያቄ፦ ፕሮቶ ፋይላችን (የፕሮቶኮል በፈርስ ስኪማ) ላይ ኢሜይል የሚለው ፊልድ ቁጥሩ 3 ነበር። ስለማያስፈልግ አጠፋሁትና ቁጥሩ ባዶ ከሚቀር ብዬ 3ን ለአዲሱ አድራሻ ሰጠሁት። በፕሮቶሲ (ከፕሮቶ ፋይል ኮድ በሚያመነጨው ቱል) ኮዱን አወጣሁ፣ ሁሉም ኮምፓይል ሆነ። አሁን አፕዴት ያላደረጉ ሰዎች ስልክ ላይ ኢሜይል ቦታ የቤት አድራሻ ይታያል።

መልስ፦ ፕሮቶኮል በፈርስ ዳታ ሲልክ የፊልዱን ስም አይልክም። ቁጥሩን፣ ጥቅል ዓይነቱንና ይዘቱን ብቻ ነው የሚልከው። የድሮው አፕ ውስጥ ያለው ኮድ ደግሞ 3 ማለት ኢሜይል እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም ስትሪንግ (ጽሑፍ) ስለሆኑ ማንም አልጮኸም።

ለቁጥር መሰሰትህ ይገባኛል፣ ከ1 እስከ 15 ያሉት ታጋቸው (ከይዘቱ በፊት የሚላከው መለያ) በአንድ ባይት ስለሚያልቅ ሰው ይሰስትላቸዋል፣ ከ16 እስከ 2047 ያሉት ሁለት ባይት ይወስዳሉ። ቢሆንም በአንድ ባይት ይህ ሁሉ ጣጣ! አድራሻውን አሁኑኑ ወዳልተነካ ቁጥር አውጣው። 3ን እና ኢሜይል የሚለውን ስም ሪዘርቭድ በላቸው፤ ነገ ሌላ ሰው ሊጠቀምባቸው ቢሞክር ፕሮቶሲ ራሱ እምቢ ይላል። በዚህ መሃል በ3 ተጽፎ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ዳታ ካለ ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው። አንዱ 3 ኢሜይል ነው፣ ሌላው 3 አድራሻ፤ ባይቱ ራሱ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። አዲሱ ኮድ የወጣበትን ቀን ይዘህ ከዚያ በፊትና በኋላ የተጻፈውን ለይ።